ሰማያዊው የወገብ መያዣ

ግንቦት 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት፣ ቢቸና ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት፣ በመኪናው መርፌ ሥር አንድ ጥቁር የዋና ልብስ ተይዞ ተገኘ። የቀኝ ጭኑ ዙሪያ ተሰፍቶ አልቋል፤ የግራው በስፒል ተያይዞ ቀርቷል። የስፌት ቤቷ ባለቤት ይርጋነሽ ለራሷ ነበር የምትሰፋው። ዕድሜዋን ሙሉ የለበሰችው ደንበኛ ሳይወስደው የቀረውን ወይም ሞጣ ያለችው እህቷ ወለተ ሐና የሰጠቻትን ስለ ነበር፣ ለራሷ ብላ ለክታ የቆረጠችው ልብስ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሲደክም የኖረው ልቧ ለዚያ ቀን አጥቢያ፣ ሌሊት ላይ ቆመ።

ለቅሶው ላይ ስለ እሷ የተነገረው አብዛኛው ውሸት ነው። ሕይወቷ እንዲህ ነበር።

የተወለደችው ከሞጣ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከካህን ቤት ነው። ከቤታቸው በታች ወንዙ ድንጋይ ተንተርሶ የሚተኛበት ጥልቅ ቦታ አለ፤ ዋና የተማረችው እዚያ፣ ከወንድሞቿ ጋር ነው። ከሁሉም ትበልጣቸው ነበር። ትንፋሿን ይዛ ከዚህ ዳር ትጠልቅና ከወዲያኛው ዳር ብቅ ትላለች። ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ግን እናቷ ወንዝ ድረስ ወርዳ ከውሃው አስወጣቻትና፣ ከዚያን ቀን ወዲያ ሥራዋ የወንድሞቿን ልብስ መጠበቅ እንደሆነ ነገረቻት። ወንድሞቿ እንደ ተወለዱ ሆነው ሲንቦጫረቁ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሱሪያቸውን ታቅፋ ትቀመጣለች። ዞር ብላ ካየቻቸው ባለጌዋ እሷ ናት። እሷ ስትታጠብ እነሱ ቢያዩዋትም ባለጌዋ እሷው ናት። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የሚስተው ግን አልነበረም።

እግሯ ላይ ጸጉር ነበራት፤ ጥቁርና ለስላሳ። አክስቷ ማታ ማታ እግሯን ስታጥባት ቅልጥሟን እየዳበሰች "ጸጉራም እግር በረከት አያጣም" ትላት ነበር። ይርጋነሽ ይህን አምና አደገች።

ደብረ ማርቆስ ስፌት ተምራ ቢቸና ስትገባ፣ ሐብታሙ የሚባል ነጋዴ ከግቢው አጥር ጋር የተያያዘች ሱቁን አከራያት። ሐብታሙ ሰልባጅ ይሸጣል፤ ከቦንዳ የወጣ ልብስ። በገበያ ቀን የሴት ጡት መያዣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ከራሱ በላይ ይሰቅላል። የሴት የውስጥ ሱሪ በሁለት ቡጢው እየለጠጠ "ይኼ አያልቅም፣ ባልሽ ነው የሚያልቀው" እያለ ይጣራል። ሰው ይስቃል። ሽማግሌውም ካህኑም በዚያ ያልፋል። አንድ ቀን ነውር ነው ያለው የለም።

ከቦንዳው መሐል አልፎ አልፎ ከትከሻ እስከ ጭን አንድ ወጥ የሆነ፣ ገላ የሚያጣብቅ ልብስ ይወጣል። ሐብታሙ ምን እንደሆነ አያውቅም። የማያውቀውን ዕቃ ስም አውጥቶ መሸጥ ግን ያውቅበታልና "የወገብ መያዣ" አለው፤ ለአራስ፣ ወገቧን ለሚያማት፣ በወሊድ ብዛት ሆዷ ለላላ። ሴቶቹ ገዙት። በእርግጥም ይይዛል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፦ ሽንት ሲመጣ ከትከሻ ጀምሮ ማውለቅ ግድ ነው። እሱን የፈታችው ይርጋነሽ ናት። ከታች ሰንጥቃ ጠቅ የሚል ቁልፍ ትተክልበታለች። ወሬው ከሴት ወደ ሴት በጆሮ ተላለፈ። ደንበኞቿ በር ላይ ቆመው "ያችን ነገር ይዤ መጣሁ" ይሏታል፤ እሷም ስም ሳትጠራ ትቀበላለች።

ከሁሉ ቀድማ የመጣችው የሐብታሙ ሚስት ፈንታነሽ ናት። የእሷ ሰማያዊ ነበር፤ ጎንና ጎኑ ላይ ነጭ መሥመር ያለበት። ከመጨረሻ ልጇ ወዲህ ወገቧ አልጠና ስላለ ያለ እሱ መንገድ አትወጣም፤ ኪዳነ ምሕረት ስትሳለምም ከሐበሻ ቀሚሷ ሥር እሱው ነው ያለው።

ነገሩን ሁሉ የለወጠችው ሉሊት ናት። ሉሊት ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። አንድ ቀን ማንገቻው የተበጠሰ አንድ ወጥ ልብስ ይዛ ገባች። ይርጋነሽ ገልብጣ አየችውና፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ወገብሽን ምን ነካው ብላ አዘነችላት።

"ኧረ ወገቤ ደኅና ነው።"

"ታዲያ መያዣው ምን ይሠራልሻል?"

"የምን መያዣ? እትዬ ይርጌ፣ ይኼኮ የዋና ልብስ ነው።"

ይርጋነሽ መቀሷን አስቀመጠች። ከቅዳሴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚወጡት ደንበኞቿ አንድ በአንድ መጡባት። ሳቋ እንባ እስኪያመጣ ሳቀች።

"በሞትኩት፣ የጽዋ ማኅበሩ ሁሉ ዋናተኛ ሆኖ ኖሯል።"

ሳቁ ሲበርድ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ዋና ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ሉሊት ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት አለች። ይርጋነሽ ማንገቻውን ሰፍታ ጨረሰችና ልብሱን እየሰጠቻት "ሌላ ይኖርሻል?" አለቻት።

በጥቅምት፣ ውሃው ሲጠራ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንዝ ወረዱ። ወንዶች ገላቸውን ከሚታጠቡበት ከድልድዩ ሥር አልፈው፣ ወደ ላይ ርቀው ሄዱ። ሲያልፉ ይርጋነሽ እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች። ራቁታቸውን ድንጋይ ላይ ተሰጥተው ፀሐይ ከሚሞቁት ወንዶች መካከል ለመሸፈን እጁን እንኳ ጣል ያደረገ አልነበረም። ላይ ደርሳ የሉሊትን ልብስ ለብሳ ስትገባ ውሃው ደረቷን ቆነጠጣት፤ ከዚያ ጠለቀች። ከወዲያኛው ዳር ብቅ ስትል እየሳቀች ነበር።

ፎቶው የተነሣው ያኔ ነው። ከውሃው ወጥታ፣ ድንጋዩ ላይ ቆማ ጸጉሯን ስትጨምቅ። ያነሣት ከታች ሲታጠቡ ከነበሩት አንዱ ተከትሏቸው መጥቶ ነው። ይህን የሚያስረዳው ራሱ ፎቶው ነው፦ ከታች ጥግ ላይ የአንሺው እርጥብ፣ ራቁት ጉልበት ገብቷል። ፎቶው ቢቸናን አዳርሶ ሞጣ ገባ። ስለዚያ ጉልበት አንድም ሰው አንድም ቃል አልተናገረም።

ስለ ሉሊት "የሰው አገር ሰው ናት፣ ልማዷ ይሆናል" ተባለ፤ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ወገቡን አሞት የማያውቅ ወንድ ሁሉ ወገቡን እያሻሸ ሕክምና ክፍሏ በር ላይ ተሰለፈ። ይርጋነሽ ግን የካህን ልጅ ናትና የእሷ ጥፋት ታሪክ ሆነ። ወሬው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ገላዋን ማሳየቷ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ጸጉር ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ወንዶች ስልኩን ይቀባበሉና ፎቶውን በሁለት ጣታቸው እየከፈቱ ቅልጥሟ ላይ ያደርሱታል። አንዱ ሱሪውን ሰብስቦ የራሱን እግር ከስልኩ ጎን ዘርግቶ "አቻ ወጣን" አለ። ሌላው "ተው፣ ዝንጀሮዋ ትበልጥሃለች" አለው። የደረታቸው ጸጉር እስከ አንገታቸው የበቀለ ሰዎች ናቸው። ገላዋ እንዳይታይ የተቆጡትና ገላዋ ለምን አላማረም ብለው የተጸየፉት እነዚያው ሰዎች ነበሩ፤ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ አፍ።

ይርጋነሽ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን ሱቋን አልከፈተችም። በሦስተኛው ቀን ምላጭ ገዛች። እግሯን ላጨች፤ የአክስቷ እጅ የለመደው ሁሉ በሳፋ ውስጥ ተንሳፈፈ። በማግሥቱ የመኪናውን ፔዳል ስትረግጥ ቀሚሷ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ማለቱ አልቀረም። አንዲት ጎረቤት አየች። እስከ ማታ መንደሩ አዲስ ጥያቄ አገኘ፦ ባል የላት፣ ወዳጅ አይታይባት፤ ታዲያ የላጨችው ለማን ነው?

ሉሊት ወሬውን ስትነግራት ይርጋነሽ ክር በመርፌ እያስገባች ነበር። "ይኸው፣ ብተወው ዝንጀሮ፣ ብላጨው ጋለሞታ" አለች። "ከጉልበት በታች እግር የሌላት ሴት ነው የሚፈልጉት።"

ጥምቀት ደረሰ። ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ከተረጨ በኋላ እንደ ልማዱ ጎረምሶቹ ልብሳቸውን ጥለው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ዘለሉ። ሐብታሙም ሞቅ ብሎት ነበርና፣ በዚያ ዕድሜው ሸሚዙንና ሱሪውን አውልቆ ሆዱን አስቀድሞ ገባ። ሲወጣ ነጭ የውስጥ ሱሪው ከገላው ጋር ተጣብቆ የሚደብቀው ነገር አልነበረም። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱም ከእልልታው ፊት ደረቱን እያሻሸ ቆመ፤ ከሴቶቹ መሐል ይርጋነሽን ሲያያት ግን ፊቱን አጠቆረ። እልል ሳትል ትኩር ብላ ታየው ነበር። ዓይነ ደረቅ ሲል የሰሙት አሉ።

ከጥምቀት ሳምንት በኋላ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሱቋ መጣ። ፈንታነሽ ነጠላዋን ለብሳ ከኋላው ቆማለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምክር ጀመረ፤ የካህን ልጅ መሆኗን፣ ባል የሌላት ሴት ክብሯ ስሟ መሆኑን አነሣ። ሐብታሙ አላስጨረሰውም።

"በእኔ ቤት የራቁት ልብስ አይሰፋም። ፋሲካ ይለፍና በግንቦት ማለቂያ ቤቴን ትለቂያለሽ።"

ይርጋነሽ ብድግ አለች። "ጋሽ ሐብታሙ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በገበያ የሚሰቅሉትስ?"

"እኔ የምሸጠው ጨርቅ ነው። አንቺ ያሳየሽው ሥጋ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ተናገረ ብለው።

ያን ጊዜ ፈንታነሽ ነጠላዋን ለማስተካከል እጇን ስታነሣ፣ ከቀሚሷ አንገት ላይ ሰማያዊው ማንገቻ ብቅ አለ። ይርጋነሽ አየችው። ማየቷን ፈንታነሽም አየች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የሚያባርራት ሰው ሚስቱን በገዛ እጁ የዋና ልብስ አልብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሰድ እንደኖረ ብትናገር፣ በዚያች ሰዓት መሳቂያ የሚሆነው እሱ ነበር፤ ሱቋም ይተርፍ ይሆናል። ፈንታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ጊዜም ቢሆን ተው አላለችውም።

ይርጋነሽ "እሺ፣ እለቃለሁ" አለች።

ሉሊት ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ ለምን ዝም አልሽ ብላ ወጥራ ያዘቻት። ይርጋነሽ የመለሰችላት ሉሊት ዛሬም ቃል በቃል የምትደግመው ነው፦ "ብናገር ማንን የሚያራቁቱ ይመስልሻል? እሱን? እዚያው ደጄ ላይ የሚስቱን ቀሚስ ገልቦ ያያት ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ለምስክርነት ይቆሙ ነበር።"

ከዚያ ወዲያ ሥራ ቀነሰ። ባሎች ከለከሉ። ሴቶቹ ግን መሸት ሲል በጓሮ በር "ያችን ነገር" ማምጣታቸውን አልተዉም፤ በቀን ሲያገኟት መንገድ ይሻገራሉ፣ ሲመሽ ቁልፋቸውን ያስጠብቃሉ። ሁሉንም ሠራችላቸው። እህቷ ሞጣ ላይ ክፍል አገኘችላት። ዕቃዋን መሰብሰብ ስትጀምር ከተራፊ ጨርቆቿ መካከል የሚለጠጥ ጥቁር ጨርቅ አገኘችና ለራሷ ቆረጠችው። የልጅነቷ ጥልቅ ውሃ አሁንም እዚያው እንደሆነ ወለተ ሐናን በስልክ ጠይቃት ነበር። እዚያው ነው አለቻት። ምላጩን ካስቀመጠች ሰንብታለች፤ የእግሯ ጸጉር ተመልሶ በቅሏል።

ይህም ሳይታይላት አልቀረም። ሬሳዋን ካጠቡት ሴቶች መካከል አንዷ ያየችውን ለቅሶ ቤት ይዛ ወጣች። ከሙሾው ሥር፣ ነጠላ ለነጠላ ተጠጋግተው፣ "ተመልሶ በቅሏል እኮ" ተባባሉ። ደንበኞቿ ናቸው። ድንኳኑ መሐል ደግሞ ሐብታሙ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆመና፣ እንደ ይርጋነሽ ያለች ጨዋ ተከራይ ገጥሞት እንደማያውቅ ተናገረ። አንገቷን የደፋች ነበረች አለ። ፈንታነሽ ከሁሉ በላይ አለቀሰች፤ ደረቷን እየመታች፣ ከወገቧ እጥፍ ዘርጋ እያለች። ያን ያህል ጎንበስ ቀና ስትል ወገቧ አልከዳትም።

ያልከዳት በዚህ ምክንያት ነው። በሞተችበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ይርጋነሽ ጥቁሩን ልብስ መኪናው ላይ እንዳለ ትታ ተነሣች። ሰማያዊው ቁልፉ ላልቶ ለጥገና መጥቶ ነበርና ሠርታ ጨርሳዋለች። አጣጥፋ በፌስታል ጠቀለለችው፤ ፌስታሉን ከወፍጮ ቤት በመጣ የሽሮ ዱቄት ከረጢት ውስጥ ከተተችው፤ ሐብታሙ ቢያይ ዱቄት ነው እንዲል። ግቢውን አቋርጣ በጓሮ በኩል አንኳኳች። ፈንታነሽ በሩን እጅ የሚያስገባ ያህል ከፈተችው።

"ቁልፉን አጠበቅሽው?"

"አጥብቄዋለሁ እትዬ። አሁን ጎንበስ ቢሉም አይከፈትም።"

እጇ ከረጢቱን ተቀበለና በሩ ተዘጋ። ይርጋነሽ ወደ ሱቋ ተመለሰች።