ሲደገም ታዪዋለሽ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሴትዮዋን አንቱ አልላትም። ልጆቿ አንቱ ይሏታል፤ ምራቷ አንቱ ትላታለች፤ የሰፈሩ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ እያለ አንቱ ይላታል። በዚያ ሁሉ አንቱታ መሃል የጠየቀችውን አንዲት ነገር ያደረገላት ግን አልተገኘም። ስለዚህ እኔ እሷ እያልኩ እጽፋለሁ። አክብሮት ያማረው ልጆቿ ዘንድ ይሂድ፤ እዚያ ሞልቷል።

ሥራዋ የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ነው። ማጠቡን እንኳ ማሽኑ ያጥባል፤ ማድረቂያው ግን ከተበላሸ ቆየ፤ «ሊሠራ ነው» እየተባለ ስንት ኃላፊ መጥቶ ሄደ። እርጥቡን አንሶላ በቅርጫት ተሸክማ ደረጃውን ወጥታ፣ ጣሪያው ላይ በተወጠረው ገመድ የምታሰጣው እሷ ናት። መቆንጠጫውን በጥርሷ ነክሳ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ነፋሱ አንሶላውን ፊቷ ላይ እየለጠፈባት። የሰፈር ሰው «እትዬ አንሶላ» ይላታል። አትቆጣም፤ «ከሱ የባሰ ስም ያለው ሰው አውቃለሁ» ትላለች።

ባሏ የመንገድ መብራት ጠጋኝ ነበር። የጭነት መኪና ላይ የተተከለ ረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅርጫት አለች፤ እሷ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ይነሣና አምፖል ሲቀይር፣ ሽቦ ሲያጠብቅ ይውላል። «ሚስቴ ቅርጫት ተሸክማ ትወጣለች፣ እኔን ቅርጫት ተሸክሞኝ ይወጣል፤ ማን እንዳደለው እናንተ ፍረዱ» ይል ነበር። ያቺን ሴት አንቺ የሚላት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከሞተ ወዲህ አንቺ ብሎ የጠራት የለም።

አንድ ጊዜ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ መጣ። ልብ ስለማንላቸው ሠራተኞች የሚያወራ ዝግጅት ነበራቸው። ጋዜጠኛው ከታች ሆኖ «ከዚያ ላይ ምን ይታይሃል?» ብሎ ጠየቀው። እሱም እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ሚስቴ ትታየኛለች፤ ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ አንሶላ ስታሰጣ። እሷ ግን አንድ ቀን ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።»

ቃሉ ይኸው ነው። ዝግጅቱን ያየ ሁሉ በቃሉ ይስማማል። የማይስማሙት በአነጋገሩ ላይ ነው። አብራው የምታጥብ ጓደኛዋ፣ እየሳቀ ነው ያለው ትላለች። የባሏ ወንድም ደግሞ የለም፣ ብሎት ሲያበቃ ዝም አለ፣ ፊቱም ጠቆረ ይላል። እሷ አላየችውም፤ የዚያን ዕለት ተረኛ ነበረች። ቤት ስትገባ «እስኪ እንዴት አድርገህ ነው ያልከው?» ብላ ጠየቀችው። ኮራ ብሎ ጫማውን እያወለቀ «አሁን ብነግርሽ ምኑ ይጥማል? ሲደገም ታዪዋለሽ» አላት።

አልተደገመም። እሱ ደረቱን ታመመና ሞተ፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር እላይዋ ላይ እንደተንጠለጠለች ቀረች። ስቆ ከሆነ ፍቅር ነው። ካልሳቀ ግን ዕድሜ ልኩን ይዟት የኖረ ቅሬታ ነው፤ ሀገር በሚያየው መስኮት የተናገረው ቅሬታ። እውነትም ቀና ብላ አታውቅም ነበር። እርጥብ አንሶላ ይከብዳል፤ ፀሐይዋም ዓይን ታጠፋለች፤ ደግሞ ሲመሽ ቤት የምታየውን ሰው ቀን አንጋጣ የምትፈልገው ለምንድን ነው? እንዲህ እያለች ራሷን ትሞግታለች፤ ሁልጊዜም ትረታለች።

ጣቢያው የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት አድርጎ የድሮ ዝግጅቶቹን ሊደግም ሆነ። ማስታወቂያው ላይ ባሏ ከነቅርጫቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ያኔ ነው ልጆቿን ጠርታ መቅረጫ ያለው ሪሲቨር ይገዛልኝ ያለችው፤ በራሷ ገንዘብ። ታናሹ ልጇ፣ በቀጥታ ቢያዩት ምን አለበት ለማለት፣ «እማዬ፣ ሲተላለፍ ያዩት የለ?» አላት።

«መጀመሪያ ሳየው አለቅሳለሁ» አለችው። «ሰው እያለቀሰ አይሰማም። ሁለተኛ ጊዜ ነው የምሰማው።»

እኔ ከዚህ የበለጠ ጥሩ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም። መቅረጫ የሚባለው ዕቃ የተፈለሰፈው ለዚህች ሴት ነው ማለት ይቻላል።

ሱቅ ይዟት የሄደው ታላቁ ልጇ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ ሽቦ ስለሚያገናኝ ግን «ኢንጂነሩ» ይሉታል፤ እሱም ቀልድ መሆኑን ከረሳው ቆይቷል። ሻጩ ሁለት ዕቃ አወጣ፤ አንድ ትንሽ፣ አንድ ትልቅ። እናትየው እንድትቀመጥ ወንበር ተሰጣት፤ ወንበሩም ከጠረጴዛው ራቅ ያለ ነበር፤ የተከበረ ሰው ዳር ነው የሚቀመጠው። ኢንጂነሩ ስንት ሰዓት ይይዛል፣ ምስሉ ምን ያህል ይጠራል እያለ ጠየቀ። እሷ ከወንበሯ ሆና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ሰው ሌላ ነገር እያየ ይሄ ዕቃ የኔን ይቀርጻል ወይ?

ሻጩ ቀና ብሎ አያት። «እናቴ፣ ነገሩን ከሥሩ ያዙት» አለ። ትንሹ ሆዱ ውስጥ ሁለት መቀበያ አለው፤ አንዱን እያዩ ሌላውን ይቀርጻል፤ ግን ከዲሹ ሁለት ገመድ ይፈልጋል። ትልቁ ብዙ ይይዛል፤ መቀበያው ግን አንድ ነው፤ ሌላ ቻናል ልቅረጽ ካለ የሚታየውን መተው ግድ ነው። እንዲህ ጥርት አድርጎ ተናገረ። የተሰወረ ነገር የለም።

ኢንጂነሩ ስልክ አውጥቶ ከእናቱ ጋር ወደሚኖሩበት ቤት ደወለ። ሚስቱ ሳሎኑ በቅርቡ ነው የተቀባው፣ ለሁለተኛ ገመድ ተብሎ ግድግዳ አይበሳም አለች። ባልየው ስልኩን ዘጋና ትልቁን መረጠ። «እማዬ፣ ይሄኛው ሺህ ሰዓት ይይዛል» አላት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ለምትፈልግ ሴት ሺህ ሰዓት! እሷም እናንተ ታውቃላችሁ አለች። እናንተ ታውቃላችሁ የሚባል ነገር ስንት ሰው እንደቀበረ ብንቆጥር መቃብሩ አይበቃንም።

ተከላው ጉድ ነበር። ኢንጂነሩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያዞራል፤ ታናሹ መስኮቱ ጋ ቆሞ ቴሌቪዥኑን እያየ ይጮኻል። መጣ ይላል፤ ወዲያው ሄደ ይላል፤ አሁንስ ሲባል የባሰ ነው ይላል። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «ላም አለኝ በሰማይ!» እያለ አሾፈባቸው። በመጨረሻ የምልክት ጥራቱን የሚያሳየው መስመር ከቀይ ወደ አረንጓዴ ወጣና ረጋ፤ ብሎኑ ተጠበቀ። ዕቃውም ምቹ ነበር፤ ዝግጅቱን ከፕሮግራም ሰንጠረዡ መርጠው ቁልፏን ሲጫኑ ቀይ ነጥብ ከጎኑ ተቀመጠ። በሰዓቱ ራሱ ይነሣና ይቀርጻል።

እናትየው እኔንም አሳዩኝ አለች። ምራቷ ሪሞቱን ላስቲክ አልብሳ መደርደሪያው ላይ እያስቀመጠች፣ እርስዎ ለምን ይደክማሉ፣ እኛ እያለን ብላ መለሰች። ሴትዮዋ በዘመኗ የስንት ሕመምተኛ ደምና ሰገራ ያጠበች ናት፤ ቤቷ ውስጥ ግን አውራ ጣቷን ማንቀሳቀስ ድካም ሆነባት። እንዲህ ያለውን ነገር ነው እኛ ማክበር የምንለው። እጅ አስሮ ትራስ ማስደገፍ።

ዝግጅቱ በሚተላለፍበት ሰዓት በሌላ ቻናል ኳስ ነበር፤ ከኳስም ዋንጫ የሚበላበት። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ወደ ደጇ መጣ። «እትዬ፣ እኔ ጋ ይምጡ። እኔ ኳስ አላይም፤ በቀጥታ ያዩታል፤ የናንተም ዕቃ ይቅረጽ» አላት። ልትሄድ ነጠላዋን አነሣች። ኢንጂነሩ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። እናታችን ቴሌቪዥን ፍለጋ ሰው ቤት ሄደች ቢባል ምን እንባላለን? ቤት አልሠራንም? ይኼን ሁሉ ዕቃ ያቆምነው ለማን ነው? ነገ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ማንም ሳይረብሽዎ፣ እንደ ልብዎ ያዩታል አላት። ነጠላዋን መልሳ አስቀመጠች።

ምሽቱን ሳሎኑ በኢንጂነሩ ጓደኞች ተሞላ። እሷን ከሁሉ የተሻለው ወንበር ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አስቀመጧት። ኳስ አይገባትም፤ ሰው ሲጮኽ ታያለች፤ ሰው ሲያዝን «አይዟችሁ» ትላለች። ሰዓቷን ግን ታያለች። ሰዓቱ ሲደርስ ማያው ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ፤ በባዕድ ፊደል የተጻፈ፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች ያሉት። ዕቃው የሚለው ይህን ነበር፦ የታዘዘው ቀረጻ ሊጀመር ነው፣ ቻናል ይቀየር ወይስ ቀረጻው ይሰረዝ?

ተጫዋቹ ለመምታት እያፈገፈገ ነበር። ከጓደኞቹ አንዱ «አንሣው ይሄን ነገር!» አለ። ኢንጂነሩ አውራ ጣቱን ተጫነ፤ ሳጥኑ ጠፋ።

«ምን አለ ልጄ?» አለች እናቱ።

«ምንም አይደለም እማዬ።»

ክፋት ነው አልልም። ክፉ ቢሆን በቀለለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። እሱ ያደረገው ዝንብ የሚያባርር ሰው የሚያደርገውን ነው። ያቺ ዝንብ አባቱ ነበር። በዚያች ሰዓት አባቱ በሰማዩ ላይ አልፎ፣ ጣሪያቸው ላይ ወርዶ፣ በዲሹ ገብቶ በአንዲቷ ገመድ ተሰልፎ ነበር፤ በሩ ላይ ቢደርስ ኳስ ይዞታል ተባለ። እናትየው ደግሞ እዚያው ወንበሯ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች፤ ባሏ እየተቀረጸላት መስሏት ፊቷ ላይ ደስታ አለ። ይኼን ታናሹ ልጇ ነው በኋላ የነገረኝ፤ ሲነግረኝ ፊቷን አስታውሶ አለቀሰ።

በማግስቱ ከሥራ እንደተመለሰች እግሯን ታጠበች፣ ንጹሕ ልብስ ለበሰች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ታናሹ ሪሞቱን ይዞ የተቀረጹትን ዝርዝር ከፈተ። ባዶ ነው። አንድ መስመር ብቻ አለ፤ የዝግጅቱ ስም፣ ከጎኑም «ተሰርዟል» ማለት የሆነ የባዕድ ቃል። ልጁ ሪሞቱን ደጋግሞ ተጫነ፤ ሰው እንዲህ ሲሆን ማሽንን የሚለምን ይመስላል። ኢንጂነሩ ተጠራ። መጀመሪያ ዕቃው ነው አለ። ቀጥሎ ሻጩ ነው አለ። ከዚያ ያቺ ሳጥን ትዝ አለችውና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

በስልኩ ከኢንተርኔት ፈለገ፤ ከዚያ ዝግጅት የሌሎች ሰዎች ተገኘ፤ ጫማ ሰፊው አለ፣ የባቡር ሐዲድ ጠራጊው አለ፣ መብራት ጠጋኙ የለም። ወደ ጣቢያው ደወለ፤ አንዱ ለሌላው አቀበለው፣ ያኛው ነገ ደውል አለው። ነገ ሥራ ነበረው።

ታናሹ ሊያጽናናት አጠገቧ በርከክ ብሎ «እማዬ፣ አባባ እኮ ይወድዎት ነበር» አላት።

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች።

ነጠላዋን አድርጋ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደች። አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ሰውዬው መቀሱን አስቀምጦ ተቀበላት። አዎ፣ ዝግጅቱ ሲተላለፍ ሱቁ ውስጥ ተከፍቶ ነበር። ባሏ መጣ፣ ስለ አንሶላው ተናገረ፣ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም አለ። ቃሉን ሳይሳሳት ነገራት።

«ሲለው ሳቀ?» አለችው።

ፀጉር አስተካካዩ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር አየ። ጨዋ ሰው ነው፤ መዋሸት ቀላል እንደነበረለትም አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ዓይን ዓይኑን ያየችው።

«ጀርባዬን ሰጥቼ እየላጨሁ ነበር እትዬ» አለ። «የሳቀ መሰለኝ።»

መሰለኝ። ጓደኛዋ ሳቀ፣ የባሏ ወንድም አልሳቀም ያሉትም የመሰላቸውን ነው። ለአንዲት መሰለኝ ዲሽ ማቆም አያስፈልግም ነበር። አመስግና ወጣች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኢንጂነሩ ጸጸት ገባው፤ ጸጸቱም እንደ ልማዱ በዕቃ በኩል መጣ። ትልቁን መልሶ ሁለት መቀበያ ያለውን አመጣ። ግድግዳው ተበሳ፤ አዲሱ ቀለም ላይ አቧራ ወረደ። ሁለተኛው ገመድ ከጣሪያ ወረደ፤ እንደ መጀመሪያው ተጠበቀ። አሁን አንዱን እያዩ ሌላውን መቅረጽ ይቻላል። ላስቲኩን ከሪሞቱ ገፎ በሁለት እጁ ለእናቱ አቀረበላት፤ ጎንበስም ብሏል።

«እማዬ፣ እንኩ። ምን ይቀረጽልዎ?»

እሷ ከሥራ መግባቷ ነበር። ጫማዋን እያወለቀች ሪሞቱን አየችው፤ አልተቀበለችውም።

«ኳሱን ቅረጽ» አለችው። «ሲደገም ታየዋለህ።»