የእትዬ አንጓች እጅ የደረሰበት

ትናንት ጠዋት እትዬ አንጓች ቤት ስገባ፣ ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ የገጠምኩት የመብራት መሰኪያ የለም። ግድግዳው አለ፣ ሽቦውም ከጣራ ወርዶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል... መሰኪያው ግን የለም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የደብረ ማርቆስ ሽቦ ዘርጊ ነኝ። የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ጣሊያን ከተማችን ገብቶ የመብራት ሞተር ሲተክል ፊደል የለየ ሰው ፈለጉና ገባሁ። ባንዳ የሚለኝ አለ። እኔ ደግሞ እነሱ አንድ ቀን ይሄዳሉ፣ ሙያው ግን እኔ ጋ ይቀራል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ታዲያ በቅርቡ አዲስ የሽቦ ደንብ ወጣ። ሽቦ የገባበት ክፍል ሁሉ መሰኪያ ይኑረው፣ መሰኪያውም ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል ይላል። እትዬ አንጓች ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ለአንድ ጣሊያን ጸሐፊ ስላከራዩ መብራቱ ለእሳቸውም ቤት ተርፏል። ስለዚህ ደንቡም ደረሳቸው።

የገጠምኩ ዕለት አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ምን ልሰካበት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እሱን እኔም አላውቅም። ደንብ ነው።»

«ይሁን። ቤቱ ሲለቀለቅስ?»

«አይንኩት። ደንብ ነው» አልኳቸው።

ደንብ ነው ማለት እንዴት እንደሚጥም... በተለይ ደንቡን ላላወጣው ሰው።

ትናንት እንግዲህ የማርያም ዋዜማ ነበር። ማኅበሩ ዛሬ እሳቸው ቤት ስለሆነ፣ እበት በውኃ በጥብጠው ወለሉንና የግድግዳውን ሥር በባዶ እጃቸው ሲለቀልቁ ደረስኩ። የመጣሁት ካቦው፣ አለቃዬ ጣሊያኑ ማለት ነው፣ ሥራዬን ሊመረምር ስለሆነ ቀድሜው ልገኝ ብዬ ነው። ሞተሩም ለምርመራው ሲባል ሦስት ሰዓት ላይ ሊነሣ ነው።

«እትዬ፣ መሰኪያው የት ሄደ?»

«የቱ? ያ የአይጥ ጉድጓድ የሚመስለው?» ቀና እንኳ አላሉም። «ማኅበርተኛ እየመጣ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ወይ? ገና ሲነጋ ደፈንኩት። አሁን ልደግመው ነው።»

እጃቸው ከደፈኑት ቦታ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። እስከ ክርናቸው ርጥብ ናቸው፤ የተንበረከኩትም ርጥብ መሬት ላይ ነው። ይኸኔ ከቁልቁለቱ በኩል ሞተሩ ዱ... ዱ... ዱ... ማለት ጀመረ።

«እትዬ ይተዉት! እጅዎን ያንሡ!»

«ቆይ፣ ይችን ብቻ ልጨርስ» አሉ።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው። እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ... ሁለታችንም እበቱ ላይ ቁጭ አልን። «አበስኩ ገበርኩ፣ ምን ነካህ አንተ?» ብለው ሊቆጡኝ ሲሉ ዶሯቸው መጣች።

እበት ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ አይጠፋም። ዶሮዋ አንዷን ፍሬ አየችና ልክ የተደፈነው ቦታ ላይ ጠቅ አደረገች። ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጮኻ ተስፈንጥራ ቆጥ ላይ ተገኘች። ላባዋ ብቻ ከኋላ ቀስ እያለ ወረደ።

እትዬ አንጓች እበት የለበሰ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«እኔ ልሆን ነበር» አሉ በቀስታ።

ሮጬ ደጅ ያለውን ማጥፊያ አጠፋሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ የጎዳኝ ኀፍረቱ ነው። እኔም ያደግኩት እናቴ በየበዓሉ ስትለቀልቅ እያየሁ ነው። እበቱ ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት እንደሚወጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ደግሞም ጠይቀውኝ ነበር።

ካቦው መጣ። ታጣፊ መለኪያውን አወጣ፣ እበቱን በጫፉ ፈቅፍቆ ለካ። አንድ ስንዝር። «ልክ ነው» ብሎ ሊፈርም ደብተሩን ገለጠ።

እኔ እንዲህ ባለው ጊዜ ዝም የምል ሰው ነኝ። ካቦውን ያስቀየመ ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ጅራፍም አለ። ግን በዚያች በሰባራ ጣሊያንኛዬ «ልክ አይደለም። እዚህ አገር ቤት በርጥብ እበት ይለቀለቃል። ሴትየዋ ልትሞት ነበር» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። «ደንብ ነው» አለኝ።

ያው የራሴ ቃል ተመልሶ መጣ።

እትዬ አንጓች ቋንቋውን አይሰሙም፤ ነገሩ ግን ገብቷቸዋል። ተነሡ። መዳፋቸውን እበቱ ውስጥ ነከሩና ግድግዳው ሥር ቆመው፣ በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው፣ እጃቸው እስከደረሰበት ጫፍ ላይ ለጠፉት። አምስት ጣት ታተመ።

«ንገረው» አሉኝ። «ከዚህ በላይ ይሁን። ደንብ የሚያወጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ ቤት ለቅልቆ ይየው።»

ተረጎምኩ... የመጨረሻዋን ትንሽ አለስልሼ። ካቦው ምልክቱን አየ። ቆጥ ላይ የተኮማተረችውን ዶሮ አየ። ከዚያ መለኪያውን ዘረጋና ከወለሉ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ለካ። ደብተሩ ላይ ጻፈ። «ጭቃ ቤት ሁሉ እንዲህ ይሠራ» ብሎኝ ወጣ። እኔ እስካሁን አላመንኩም።

መሰኪያውን ከምልክቱ በላይ ሳዛውረው እትዬ አንጓች ከሥር ቆመው «እና አሁንስ ምን ልሰካበት ነው?» አሉ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እበቱ ሳይደርቅ በምልክቱ ልክ አንድ ዘንግ ቆርጫለሁ። በስንዝር የገጠምኩባቸው ሌሎች ስድስት ቤቶች አሉ፤ ትናንትናውኑ ሄጄ ማጥፊያቸውን አጥፍቻለሁ፣ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ እየዞርኩ በዘንጉ ልክ ከፍ አደርጋቸዋለሁ።

ከእንግዲህ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ሽቦው በየት ይግባ ብዬ አይደለም... ቤቱን የሚለቀልቀው ማነው ብዬ ነው።