ጋሽ አጥናፉ ያነደዱት አግዳሚ

ጋሽ አጥናፉ አቃቂ በሰቃ ተወልደው፣ እዚያው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ሲያነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ከእሳት ጋር ብዙ የኖረ ሰው እሳትን የማዝዘው እኔ ነኝ ይላል፤ እሳቸውም ከዚህ አላመለጡም።

በሁለት ሺህ ሦስት ክረምት የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘባቸው። እንባ አልወጣቸውም። እጢው በቀዶ ጥገና እንደሚወጣ ሲነገራቸው ግን ቀጠሮውን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነላቸውም። ሰፈር ውስጥ «ካንሰር የሚበላው ስኳር ነው» ሲባል ሰምተዋል። «ማገዶ የከለከሉት እሳት ይጠፋል» አሉና ስኳሩን ተዉ፣ ቀጥሎ እንጀራውን ቀነሱ። ፍልሰታ ሲገባማ ሰበብ አገኙ፤ ሕፃናት እንኳ የሚጾሙትን ጾም እሳቸው እስከ አመሻሹ ያዘልቁት ጀመር። ባለቤታቸው አሰፋች ብትለምን ብትቆጣ የሚሰማት አጣች። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት።

ቀጠሯቸው ደርሶ ሲቀርቡ፣ ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሥርጉት ሚዛኑን አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«በዚህ አቅም ቀዶ ጥገና አይችሉም፣ ጋሼ። ምን እየበሉ ነው?»

«እያስራብኩት ነው» አሉ በኩራት።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ሴል ውስጥ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ፤ ሚቶኮንድሪያ ይባላሉ። የካንሰሩ ሴል አነዳዱን እንደ ሁኔታው ይቀያይራል። ስኳር ቢያንሰው ስብ ያነዳል። እርስዎ ካልበሉ ደግሞ ከገዛ ጡንቻዎ የሚወጣውን ይቃርማል። እሱ ሳይራብ እርስዎ ያልቃሉ።»

ጋሽ አጥናፉ፣ አንድ ክረምት የቦይለሩ እንጨት ዘግይቶ፣ መጀመሪያ የጥጥ ፍሬ ገለባ፣ ቀጥሎ የሳጥን ጣውላ፣ በመጨረሻ የሚቀመጡበትን አግዳሚ ሰባብረው ማንደዳቸው ትዝ አላቸው። እሳቱ ምን እንደበላ ግድ አልነበረውም።

«ለካ አግዳሚው እኔ ነኝ» አሉ።

ቀጠሮው ወደ መስከረም ተዛወረ፤ እስከዚያ ክብደት ካልጨመሩ ቀዶ ጥገናው የለም። የነፍስ አባታቸውም «የታመመ ሰው አይገደድም፤ ብላ» አሏቸው።

በማግስቱ አሰፋች፣ እሷ እየጾመች፣ እንቁላል ጠብሳ አቀረበች። የጎረቤት ልጆች ከቅዳሴ ሲመለሱ በበሩ አለፉ። ጋሽ አጥናፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ካንሰር ነው ሲባሉ ያላለቀሱት ሰው እንባቸው ሳህኑ ላይ ወረደ። አሰፋች ሳህኑን ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አሏት። እያለቀሱ ጨረሱት።