ሁለት ማይክ፣ ሦስት ወንበር

ሐሙስ ዕለት የሚኒ ሚዲያ መምህራችን ከክፍል አስጠርተው፣ የዞኑ ትምህርት ቤቶች ውድድር አምቦ ስታዲየም ሲከፈት ማይኩን የምይዘው እኔ መሆኔን ነገሩኝ። "አንቺ ነሽ፣ ሲፈን። ጉሮሮሽን ጠብቂ፤ ቀዝቃዛ ነገር እንዳትጠጪ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ይሁን በአየር እንጃ። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!" እያልኩ ነበር። ጮርናቄ የምትሸጠዋ ሴትዮ ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ "እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ" ብላ አንድ ትኩስ ጮርናቄ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ቤት ስደርስ አዳዳ ለሊሴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ እግሯን ፀሐይ ታሞቃለች። የአባቴ እህት ናት፤ እኛ ጋ የአባት እህት አዳዳ ነው የምትባለው። ነገርኳት። ተነሥታ አቀፈችኝ፣ ሳቀች፣ ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄደ፤ አሮጌ አንሶላ ለብሶ ወደቆመው ትልቁ ሞንታርቦ። የሠርግ ዘፈን ከሩቅ የሚያሰማው፣ ከእኔ ቁመት ብዙም የማያንሰው ድምፅ ማጉያ። ደስታዬ ቤት ሲገባ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በቀስታ የገባ መሰለኝ።

ሞንታርቦው የወንድሜ የገመቹ ነው።

እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ አምቦ ውስጥ ሠርግ ካለ የገመቹ ሞንታርቦ አለ። ለሠርግ ያከራያል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያከራያል። ለኳስ ግን አያከራይም፤ ለኳስ ራሱ ባጃጅ ላይ ጭኖ ይወስደውና ጨዋታውን በነጻ ያስተላልፋል። ብትሰሙት! ጨዋታው አሰልቺ ቢሆንም ሰው አይሄድም፤ እሱን ለመስማት ይቀመጣል። ተጫዋቾቹን በስማቸው ብቻ አይጠራም፤ በሰፈራቸው፣ እናታቸው ገበያ በምትሸጠው ነገር ጭምር ነው። "ኳሷን የሽንኩርት ነጋዴዋ ልጅ ይዟታል፤ ዛሬም ተከላካዩን ሊያስለቅሰው ነው!" ኳስ ከአጥር ውጭ ሲወጣ ደግሞ "ክቡራትና ክቡራን፣ ኳሳችን ወደ ሁሉቃ ወንዝ ወርዳለች፤ ዋና የሚችል ተጫዋች ይቀየርልን" ይላል። ስታዲየሙ በሳቅ ይናጋል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሽምብራ እሸት እየፈለፈልኩ፣ በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም ብዬ አስብ ነበር። አሁንም አስባለሁ።

ያን ሞንታርቦ የገዛችለት አዳዳ ናት። ሯጭ ነበረች። ውጭ አገር አንድ ውድድር አሸንፋ ስትመለስ ለአባዬ በሬ፣ ለእማዬ ፍሪጅ፣ ለገመቹ ሞንታርቦ አመጣች። "እኔ እግር እንጂ አፍ የለኝም፤ አንተ ደግሞ አፍ እንጂ እግር የለህም። ተከፋፍለን እንብላ" ብላ ነው የሰጠችው። ቤታችን ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ያህል የሚዋደድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የአዳዳ የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሐኪሙ "መሄድ ትችያለሽ፣ መሮጥ ግን ይቅርብሽ" አላት፤ ሻንጣዋን ይዛ እኛ ጋ መጣች። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ትቆምና ወደ ጉደር መንገድ ለሩጫ የሚወጡትን ልጆች ታያለች። በሶ በማር በጥብጣ ትጠጣለች፣ እንደ ድሮዋ። የት ልትሮጥበት እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም።

በዚያን ጊዜ ከተማችን ውስጥ አንድ አነስተኛ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። ገመቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የስፖርት ዜና ያነብላቸው ነበር፣ ያለ ደመወዝ። "የስፖርት ክፍል ሲከፈት ቦታው ያንተ ነው" ብለውታል። እሱም አምኗል፤ እኛም አምነናል። ጥቅምት ላይ፣ የጤፉ ማሳ መቅላት ሲጀምር፣ የጣቢያው ኃላፊ ኦቦ ፈቃዱ እሑድ ቤታችን እንደሚመጡ ላኩብን።

እማዬ ጭኮ ሠራች፤ ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ቅቤውን ሳትሰስት። ገመቹ ነጭ ሸሚዙን ተኮሰ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ጓሮ ገብቶ "እንደምን ዋላችሁ አድማጮቻችን" እያለ ጉሮሮውን አሟሸ። ኦቦ ፈቃዱ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ያኔ ገና ማስተዋል ነበረብን። ፍራፍሬ የሚያዘው ለታመመ ሰው ነው።

"አካም ጅርታ፣ አትሌታችን?" ብለው ሰላም አሏት አዳዳን፤ ገመቹን ጨብጠው አልፈው። እግሯን ጠየቁ። ጭኮውን አመሰገኑ። በመጨረሻ፣ "እንግዲህ ቦታው ተፈቅዷል" አሉ። ገመቹ ቀና አለ። "ተወያይተን፣ የስፖርት ክፍሉን አትሌት ለሊሴ እንድትይዝልን ወስነናል።"

አዳዳ ቀልድ መስሏት ሳቀች። "እኔ እኮ ኦቦ፣ ሬዲዮ ላይ ተጠይቄ እንጂ ጠይቄ አላውቅም። ስጠየቅም 'እግዚአብሔር ይመስገን' ከማለት አላልፍም።"

"ስምሽ ይበቃል። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቆቹስ እንዲህ አይደል የሚያደርጉት? ሮጦ የጨረሰ ማይክ ይይዛል። ሌላውን ገመቹ ያለማምድሻል።" ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አይደል፣ ጎበዝ?"

ሁላችንም ገመቹን አየን።

"ምን ችግር አለው" አለ። "አዳዳዬ ናት።" ተነሣና የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፤ ያን ሁሉ ሰዓት የተኮሰውን እጅጌ።

ሰውየው ሲሄዱ አዳዳ ክንዱን ያዘችው። "ገሜ፣ እምቢ በለኝ። አንተ እምቢ ካልከኝ እኔም እምቢ እላቸዋለሁ።"

"እምቢ አልልሽም። ሞንታርቦውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።"

"እሱን አሁን ለምን ታነሣለህ?"

"ሌላ የማነሣው የለኝማ።"

እሷም ተቀበለች። አንዳንድ ጊዜ ለምን ተቀበለች ብዬ እናደዳለሁ። ከዚያ ግን በር ላይ ቆማ የሰው ሩጫ የምታየዋ አዳዳ ትዝ ትለኛለች። ጠዋት ተነሥታ የምትሄድበት ቦታ ያጣ ሰው "ነይ" ሲባል ምን ይላል?

ገመቹም አለማመዳት። ከበራችን ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፉትን ባጃጆች እንደ ሩጫ እንድታስተላልፍ ያደርጋታል፤ ማይኩ የወጥ ማንኪያ ነው።

"ባጃጁ መጣ" ትላለች አዳዳ።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ሄደ።"

እኔና እማዬ በሳቅ ፈረስን። ገመቹም ሳቀ፤ ከዚያች እሑድ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። "አዳዳ፣ አድማጩ አያይም እኮ! ዓይኑ አንቺ ነሽ። ምን ዓይነት ባጃጅ ነው? ማን ቀደመው? ዳገቱን ወጣ ወይስ ተንጠባጠበ?"

"አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሩጫ ላይ የሚያወራ ይሸነፋል ተብዬ ነው ያደግኩት። አፌን ስከፍት ትንፋሼ የሚያልቅብኝ ይመስለኛል።"

ይህን የተናገረችው እየሳቀች ነበር። እኛም በሳቅ አሳለፍነው።

ኅዳር ላይ ከጉደር አምቦ የጎዳና ሩጫ ተዘጋጀ። አዳዳ ከሯጮቹ ፊት በምትሄድ ፒካፕ ላይ ሆና፣ በስልክ በቀጥታ ታስተላልፋለች ተባለ። ከተማው ሁሉ ሬዲዮ ከፈተ። እኛም ሳሎን ተሰበሰብን። ገመቹ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ገመድ ይጠግናል፤ የማይሰማ መስሎ።

አጀማመሯ ጥሩ ነበር። "አየሩ ተስማሚ ነው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሕዝቡ ወጥቷል" አለች። አንዳንዱን ቃል ገመቹ ከእሷ ቀድሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይለዋል። ሯጮቹ ዳገቱን ጀመሩ። "አንዲት ልጅ ተነጥላ ወጥታለች" አለች አዳዳ። "አንዲት ቀጭን ልጅ... አንዲት..."

ዝም።

መኪናው ይሰማል። ነፋሱ ይሰማል። ከዚያ ሌላ ነገር መሰማት ጀመረ፤ ትንፋሽ። ከአፍንጫ ይገባል፣ ከአፍ ይወጣል፤ የተመጠነ፣ ዳገት የለመደ ትንፋሽ።

"አትሌት ለሊሴ?" አለ ስቱዲዮ ያለው ልጅ። "ሃሎ? ትሰሚናለሽ?"

"ኔትወርክ ነው" አለ አባዬ።

"ኔትወርክ አይደለም።" ገመቹ ገመዱን ጥሎ ገብቶ ነበር። ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ሳሎኑ በሙሉ አዳዳን መተንፈስ ጀመረ። "እየሮጠች ነው" አለ።

ሬዲዮኑ ፊት ተንበረከከ። እናቴም አባቴም እዚያ መኖራቸውን የረሳ ይመስል፣ ለሬዲዮኑ በቀስታ ይናገር ጀመር። "አይዞሽ አዳዳ። ዳገቱ እኮ አለቀ። ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው።" እንባው ወደ አገጩ ይወርዳል። እሷ አትሰማውም። ስቱዲዮ ያሉት ስልኩን ዘጉና ዘፈን ለቀቁ።

ማን እንዳሸነፈ ያወቅነው በማግሥቱ ነው። በሳምንቱ የሰፈር ልጆች አዳዳን ሲያዩ "ህ... ህ... ህ..." እያሉ ከኋላዋ መሮጥ ጀመሩ። "ትንፋሽ ኤፍ ኤም" አሏት። ኦቦ ፈቃዱ ገመቹን አስጠሩትና "ስሙ የእሷ ይሁን፣ ድምፁ ያንተ፤ አንተ ታወራለህ፣ እሷ ከጎንህ ትቀመጣለች" አሉት። ገመቹ ቤት መጥቶ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ። እማዬ ለምን ስትለው፣ "እሷን ወንበር ላይ አስቀምጬ ላወራባት? አላደርገውም። እዚህ ቁጭ ብዬም ሲሳቅባት ማየት አልችልም" አላት።

መናኸሪያ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ አዳዳም እያነከሰች መጣች። የአዲስ አበባው አውቶብስ ሞተሩን አስነሥቷል። ገመቹ አዳዳን አቀፋት። ረጅም ጊዜ ቆሙ እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩም። ሁለት ጥፋት የሌለባቸው ሰዎች ሲለያዩ ይቅር የሚባባሉት ነገር ስለማያገኙ ይመስለኛል ዝም የሚሉት። ለእኔ ግን በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ሲፊ፣ ሞንታርቦው እርጥበት አይወድም። ክረምት ሲመጣ አልብሺው" አለኝ።

አዳዳ ሥራውን ተወችው። ጣቢያውም ውሎ አድሮ ተዘጋ። ሁለቱ የተለያዩበት ወንበር አሁን የለም።

ባለፈው ክረምት አዳዳን ለእግሯ ምርመራ አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ከሐኪም ቤት ወጥተን ዝናብ እየሸሸን ታክሲ ስንፈልግ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በር ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ "ክቡራትና ክቡራን፣ ኑ፣ ግቡ! ቅናሽ ነው! ኑ፣ ግቡ!" የሚል ሰማን። አዳዳ እጄን ጨመቀችኝ። ገመቹ ነበር። ያው ስታዲየም የሚያናጋው ድምፅ፤ ያው ቃሉን ከፍ አድርጎ በመጨረሻ የሚለቅበት አወራረድ።

እየሮጥኩ ገባሁ። "ድምፁ? እሱማ ቀድቶልን ሄደ፣ እኛ ጋ አይሠራም" አለኝ ሻጩ። "ቁጥር ስንት ላምጣልሽ?"

ስወጣ አዳዳ ዝናቡ ውስጥ ከማጉያው ሥር ቆማለች። ሻሿ በስብሷል። ቅጂው አልቆ እንደገና ሲጀምር፣ እንደገና ሲጀምር ትሰማለች። "ሲፈን፣ ስሚው" አለችኝ። "ትንፋሽ የለውም። አየር የሚስብበትን ቦታ ቆርጠው አውጥተውታል።"

ልክ ነበረች። ቃሉ ከቃሉ ጋር ተገጣጥሞ፣ መሃል ላይ ሰው የለም።

ገመቹ ለበዓል ይደውላል። አንድ መጋዘን ውስጥ እቃ ያወርዳል፤ ደህና ነኝ ይላል። የእማዬን ጤና ይጠይቃል፣ የአባዬን በሬ ይጠይቃል። ኳስ አይጠይቅም። ያን ዝናብ ለእሱ ነግሬው አላውቅም፤ እነሆ ለእናንተ ነገርኳችሁ።

አርብ ዕለት ወደ መምህሬ ተመልሼ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ሁለተኛ ማይክ፣ ለአዳዳ። እኔ የሚታየውን እናገራለሁ፣ እሷ የማይታየውን። ፈቀዱልኝ። አዳዳ መጀመሪያ "ደግሞ ይሳቅብኝ?" ብላ ተቆጣች። ትናንት ግን ማንኪያ ይዛ ድንጋዩ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። አንድ ባጃጅ ዳገቱን ሲጀምር እኔ ቀለሙን፣ ጭነቱን፣ ታርጋውን ሳይቀር አወራሁ። እሷ ቆይታ፣ "ሹፌሩ ዳገቱን ፈርቶታል። ትከሻውን እዩት፤ ጆሮው ጋ ደርሷል። የፈራ ሰው በትከሻው ነው የሚደክመው" አለች። ይህን ከየትኛው ትምህርት ቤት ያመጡታል? ምናለ ያኔም ሁለት ማይክ ኖሮ ቢሆን!

ስታዲየም ውስጥ ዝም ካለች ደግሞ ዘፈን አልለቅባትም። ማይኩን አስጠጋላታለሁ፣ ትንፋሿን ስሙት።

እንግዲህ ውድድሩ የሚከፈተው የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ነው። የገመቹን ሞንታርቦ አንሶላውን ገፍፌ፣ አቧራውን ጠርጌ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል፤ የጎረቤት ውሻ ምስክሬ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ሦስት ወንበር አስቀምጣለሁ። ለገመቹ መልእክት ልኬለታለሁ፤ ይህን እስክጽፍ መልስ የለም። ቤታችሁ ውስጥ ድሮ ይሮጥ የነበረ፣ አሁን በር ላይ ቆሞ መንገድ የሚያይ ሰው ካለ ይዛችሁት ኑ። አዲስ አበባ ያላችሁም፣ በዝናብ ስታልፉ ትንፋሽ የሌለው ድምፅ ከበር ላይ ከጠራችሁና ባለቤቱን ካወቃችሁት፣ ወንበሩ ይጠብቀዋል በሉት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ኑ፣ ግቡ! በነጻ ነው። ኑ፣ ግቡ!