ጨዋነቴን የመለሰችልኝ አክስቴ

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠዋል... እኔ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜአለሁ። ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ጭንቅላቴን ነዘር ነዘር ያደርገኛል።

አክስቴ ገባችና ግንባሬን ስማ «እሰይ የኔ ልጅ! ወደ ድሮው ጨዋነትሽ ተመለስሽልኝ» አለችኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እኔ ሰው ያስፈራኛል። ዓይን አፋርነት እንዳይመስላችሁ... ሰው እያየኝ መብላት አልችልም ነበር። «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ስንት ጊዜ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። ቢሮ ስብሰባ አለ ከተባለ ከዋዜማው ጀምሮ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሰፈሬ የቁስቋም ሰው ግን ምን ይል ነበር መሰላችሁ? «እንዴት ያለች ሸጋ ልጅ ናት! ድምጿ አይሰማ፣ ቀና ብላ ሰው አታይ!» እኔ በፍርሃት ስሞት ሰፈሩ በጨዋነቴ ይመርቀኛል። አንድም ሰው «ምነው ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ?» አላለም። እስካሁን የሚያበግነኝ ይኼ ነው።

በመጨረሻ ራሴ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ «ማኅበራዊ ጭንቀት ይባላል፣ ይታከማል» አለኝና በየጠዋቱ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልኝ። ወዲያው ተአምር አልሠራም... መጀመሪያ ላይ ትርፉ ማቅለሽለሽ ብቻ ነበር። በኋላ ግን ቀስ በቀስ የልቤ ድለቃ ጋብ አለ።

ከኪኒኑ ሌላ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋም እሄዳለሁ። እሷ ደግሞ የቤት ሥራ ትሰጠኛለች። «አራዳ ገበያ አንዱ ሱቅ ገብተሽ ዋጋ ጠይቂና ሳትገዢ ውጪ» ትለኛለች። ባለሱቁ «ላትገዢ ለምን ታደርቂኛለሽ?» ብሎ ሲያመናጭቀኝ እኔ እየሳቅኩ እወጣለሁ። ተሰድቤ አልሞትኩማ! ጸበልም አልቀረብኝም፤ የነፍስ አባታችን ራሳቸው «ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒንሽንም እንዳታቋርጪ» ብለውኛል።

መናገር ስጀምር ቤት ውስጥ ደስ ያላላት አክስቴ ብቻ ናት። አባቴ አይከል ከተማ ስለሚኖር ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትወደኛለች፣ አልዋሽም። ግን «ይኼ መድኃኒት ልጄን አፍ አወጣብኝ» እያለች ለጎረቤት ታማኛለች።

እንዲህ እያለን የምወደው ልጅ ሽማግሌ ላከ። ሕመሜን ያውቃል። እንዲያውም «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ብሎ የሚያስታውሰኝ እሱ ነው።

ቀኑ ሲቃረብ ግን አንድ ነገር ሆንኩ። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ፍርሃቱ እንዳለ ተመለሰ። በየጠዋቱ እየዋጥኩ መድኃኒቱ እንዴት እምቢ ይለኛል? «በቃ እኔ አልድንም፣ የሰው ልጅ ይዤ ለምን አስቸግራለሁ» ብዬ ሽማግሌዎቹን ላስቀር ስልክ አንስቼ ነበር። አንስቼ ነበር ስላችሁ!

እና አክስቴ ጓዳ ውስጥ «ተመለስሽልኝ» ስትለኝ ግራ ገባኝ።

«ምን ማለትሽ ነው አክስቴ?»

«ኪኒኑን ነዋ! ሽማግሌ ፊት እንደ ጠበቃ ስትለፈልፊ እንዳያዩሽ ብዬ ደብቄው ነው። በቦታው ቫይታሚን አድርጌልሻለሁ። ቫይታሚን ደግሞ ማንን ገደለ?»

መድኃኒት ቤቶቹ ፍሬ ፍሬውን በትንሽ ላስቲክ አድርገው ነው የሚሰጡኝ። የኔም ነጭ፣ የሷም ነጭ። በየጠዋቱ ተስፋ አድርጌ ስውጥ የከረምኩት የሷን ቫይታሚን ነው!

«የት ደበቅሽው?» ብዬ ሳልጨርስ፣ ለሽማግሌዎቹ ሲል ከአይከል የመጣው አባቴ ከሳሎን ጠራኝ። ገባሁና መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ታከለ አየት አደረጉኝና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«ወይ ሸጋ! ተመልከቱልኝ፣ አንገቷን ቀና አታደርግም። የዛሬ ዘመን ልጅ እንዲህ የለም። ጨዋ ቤት ነው የመጣነው!»

አክስቴ በር ላይ ቆማ ፊቷ በደስታ በርቷል። ፊቷን ሳይ ደሜ ፈላ።

«አያ ታከለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ይኼ ጨዋነት አይደለም፣ በሽታ ነው። መድኃኒት እወስድበታለሁ። ልጁም ያውቃል። እንዲህ የምንቀጠቀጠው አክስቴ መድኃኒቴን ደብቃብኝ ነው። እርስዎ አሁን ያመሰገኑት በሽታዬን ነው!»

ድምፄ እየተቆራረጠ ነው። ግን እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

አባቴ ወደ አክስቴ ዞሮ «ምነው እህቴ?... ምነው?» ብቻ አለ። አያ ታከለ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ ልጁ ካወቀ እኛን ምን ጥልቅ አደረገን» አሉ። እንደ ወጉ ለሌላ ጊዜ ተቀጥረው ሄዱ።

በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ሄጄ ስነግረው ራሱን ያዘ። ለካ መድኃኒቱ በድንገት አይቋረጥም። ማቆም ሲያስፈልግ እንኳ ሐኪም ቀስ እያደረገ ነው የሚቀንሰው። ያ ሁሉ ማዞርና ንዝረት ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ እብደት መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ይቅርታ የጠየቀች መሰላችሁ? ትናንት እራት ላይ እንጀራውን እየቆረሰች «ይኸው ሳትውጪው ተናገርሽ አይደል! ታዲያ ኪኒኑ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ።

«ያናገረኝ እኮ ንዴት ነው አክስቴ! ዕድሜ ልኬን ተናድጄ ልኑር?»

እርግጥ እሷ እያለች ንዴት አላጣም... ሐኪሙ ያዘዘልኝ ግን ኪኒኑን ነው።