የባሕር ኃይሉ ታደገ በቸርችል ወንዝ

በካልጋሪ የአማርኛ ቸርቻችን ውስጥ ታደገ ባሕር ኃይል እንደነበረ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አዲስ የመጣ ሰው ሁለተኛው እሁድ ሳይደርስ ይነገረዋል። ታክሲ እየነዳ፣ ኤሪን ውድስ ባለው ቤቱ ጓሮ ሥጋ እየጠበሰ፣ አንዴም በጾም ጸሎት መሃል፣ ምጽዋ ላይ ማዕበል መርከቧን እንደ ኳስ ሲያነጥራት መሪውን ጨብጦ ያደረበትን ታሪክ አውርቶልናል። ማዕበሉ በየዓመቱ አንድ አንድ ሜትር ይጨምር ነበር። ፓስተራችን ጴጥሮስ በውሃ ላይ ስለመራመዱ ሲሰብክ፣ «ወንድም ታደገ ይሄን ይረዳዋል» ይላል፤ ታደገም ከሦስተኛው ረድፍ ራሱን ይነቀንቃል።

ሚስቱ ሮማነወርቅ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ትሠራለች። በፈረንጆቹ 1995 ገና ላይ ለሠራተኛው ዕጣ ወጣ። ለሌላው ቶስተርና ብርድ ልብስ ሲደርሰው፣ ለእሷ የሁለት ሰው የስድስት ቀን የታንኳ ጉዞ ደረሳት፤ ከነአስጎብኚው፣ ከነድንኳኑ፣ ሰሜን ሳስካችዋን፣ ቸርችል ወንዝ ላይ።

«ቸርችል ጎዳናን አውቃለሁ፤ ወንዝ እንዳለው አልሰማሁም» አለችና ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

ታደገ አነበበው። «ለሌላ ሰው ስጪው። ጁላይ ላይ ሥራ ቢዚ ነው።»

ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሮማነወርቅ ግን እሁድ ለምስጋና ቆማ ተናገረችው። አዳራሹ አጨበጨበ። ኪቦርድ የሚጫወትልን ማትያስ፣ እዚሁ የተወለደ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማይክሮፎኑን እንደያዘ፣ «ጋሼ ታደገ፣ ለእርስዎ እኮ ኢዚ ነው፤ ሺፕ ነድተዋል፣ ራይት?» አለ። ታደገ ሳቀ። ያን ሳቅ ያየ ሰው ያኔውኑ መጠርጠር ነበረበት፤ እኛ ግን ማጨብጨባችንን ቀጠልን።

ጁላይ ደረሰና ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ነዱ። ወንዙ ዳር የጠበቃቸው አስጎብኚ ሊዮን የሚባል ጺሙ ቀይ ጎረምሳ ነበር። ከሬድ ዲር የመጡ ሁለት ጡረተኛ መምህራንም አብረዋቸው ተመዝግበዋል፤ እህትማማቾች ናቸው። ሊዮን ላይፍ ጃኬት እያደለ፣ ውሃ ላይ ልምድ ያለው ሰው ካለ ጠየቀ።

ታደገ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሮማነወርቅ፣ «ባሌ ባሕር ኃይል ነበር» አለች።

ሊዮን ደስ አለው። ታንኳ የሚመራው ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነውና ታደገን ከኋላ፣ ሮማነወርቅን ከፊት አስቀመጣቸው። ታንኳዋ ከዳር እንደለቀቀች ዞረች። ደግማ ዞረች። በሦስተኛው ዙር ሊዮን ቀረብ ብሎ፣ መቅዘፊያው የተያዘው በግልባጩ መሆኑን በትሕትና ነገረው። ታደገ ሊያስተካክል ከመቀመጫው ብድግ ሲል ታንኳዋ ተገለበጠች።

«ሰመጥኩ፣ ሮማን፣ ሰመጥኩ።»

ሮማነወርቅ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ «ቁም እንጂ» አለችው።

«እየሰመጥኩ ነው እኮ የምልሽ።»

«ታደገ፣ ውሃው ጉልበቴ ጋ ነው። ቁም።»

ቆመ። ለእሱማ ከጉልበቱም በታች ነበር። ለሊዮንም የእኛ ባሕር ጨው ስላለው ሰው እንደሚሸከም፣ ይሄ ጨው የሌለው ውሃ ግን ልምድ ያለውን ሰው እንደሚያሳስት አስረዳው። ሊዮን ጨዋ ልጅ ስለሆነ፣ «ኢንተረስቲንግ» ብሎ አለፈው።

ከዚያ ወዲያ ታደገ በሊዮን ታንኳ መሃል፣ በሩዝ ከረጢትና በድንኳን መካከል ተቀምጦ ተጓዘ። ታላቅየዋ መምህር ከሮማነወርቅ ጋር ገባች፤ ታናሽየዋ በትንሽ ታንኳ ብቻዋን ቀዘፈች። ለመቶ ሽማግሌ አጃ ስታማስል የኖረች ክንድ ለመቅዘፊያ አላነሰችም። ከሰዓት ላይ ሊዮን ቆዪ እያለ የሚጠራት ሮማነወርቅን ነበር።

ሊዮን ድብ እንዳይደነግጥ ጫካ የሚገባ ሰው ድምፅ ያሰማ ብሏል። ስለዚህ ታደገ አካፋና ሶፍት ይዞ በወጣ ቁጥር መዝሙር ይዘምራል። ሰፈሩ ሁሉ የት እንዳለና ምን ያህል እንደቆየ ያውቃል። በሁለተኛው ቀን ሆዱ ታሞ ሰባት መዝሙር ዘመረ።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ የሚላተምበት ቦታ ደረሱና ታንኳዎቹን በትከሻ ተሸክመው ማለፍ ግድ ሆነ። ሊዮን ታንኳውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሱሪው ከቀበቶው ሥር እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። ቅያሪው ሱሪ ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት እሳት ዳር ሲደርቅ ተቃጥሏል። ዝናብ መጣ፤ ሸራ ወጥረው ሥሩ ተጠለሉ፤ ሊዮን ፎጣ አገልድሞ ተቀመጠ።

«አምጣው እስቲ» አለ ታደገ። ከሮማነወርቅ ቦርሳ መርፌና ክር አወጣ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ታላቅየዋ መምህር፣ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስፌት ያስተማረች፣ ሱሪውን ተቀብላ ገለበጠችውና ስፌቱን በጥፍሯ ተከተለችው።

«ይሄ ሙያ ነው» አለች። «የት ተማርከው?»

«ባሕር ኃይል።»

«መርከበኛ እንዲህ ይሰፋል?»

ታደገ መርፌውን ክሩ ጥቅል ላይ ሰካ። «መርከበኛ አልነበርኩም። ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ምጽዋ፣ ስፌት ክፍል፣ ዘጠኝ ዓመት። መርከብ ላይ የወጣሁት አንድ ቀን ነው፤ የአዛዡን ኮት ልለካ። መርከቧ ወደብ ላይ ታስራ ነበር። እንዲያም ሆኖ አስመለሰኝ።»

ሊዮን ፎጣውን አጠበቀ። «ሱሪው ታዲያ አልቋል?» አለ።

ታደገ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ አይደል?»

«ዛሬ ነው እንዴ የምሰማው? የሠርጋችን ቀን ሚዜህ ነግሮኛል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ዝም አልሽኝ?»

«የሌላዋ ባል ይጠጣል። አንተ መርከብ ትነዳለህ። ምን አስቸገርከኝ?»

«ለሊዮን ባሕር ኃይል ነበር ያልሽው ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ላይህ ፈልጌ ነዋ።»

አኮረፈ። በውሸቱ ከመያዙ ይልቅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ማዕበሉን ሲያወራ እሷ እያወቀች ሻይ ስትቀዳለት መኖሯ አናደደው። እስከ ማግስቱ ምሳ አላናገራትም፤ ያኔም ያናገራት ፓንኬኩ እሷ ጋ ስለነበረ ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ውሃው ጸጥ ባለበት፣ ከኋላዋ ሳይሆን ከፊቷ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል ቀዘፈ። «ግራ» ስትለው ግራ፣ «ተው» ስትለው ይተዋል።

ሲመለሱ እሁድ ምስክርነት ተጠየቀ። ታደገ ራሱ ወጣ። መጀመሪያ ስለ ድቡ ተናገረ፤ ድብ አላዩም። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ስፌት ክፍሉ እንዳለ ነገረን። ከኋላ አንድ ሰው ያለ ቦታው «ሃሌሉያ» አለ። ፓስተራችን ኮቱን ቁልቁል ሲያይ ነበር፤ እጅጌው ይረዝምበታል።

በሚቀጥለው እሁድ ታደገ ቸርች በር ላይ ሦስት ሱሪና አንድ የፓስተር ኮት ተቀበለ። በፈረንጆቹ 1998 ታክሲውን ትቶ ካስልሪጅ አካባቢ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ሲያነሳ አልሰማሁትም። ሮማነወርቅ ግን በየጁላይ ከሁለቱ እህትማማቾች ጋር ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ እሱ መኪናው አናት ላይ ታንኳቸውን አስሮ ያደርሳቸውና ይመለሳል።

ባለፈው ፋሲካ እህትማማቾቹን ቸርች ጋበዘቻቸው። አንድም ቃል ሳይገባቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ቁጭ አሉ። ሲወጡ ታላቅየዋን እንዴት እንደነበር ጠየቅኳት። ወገቧን እያሸች፣ ከወንዙ ይሄ ይከብዳል አለችኝ።