ለጥርስ ሐኪሟ የዋሸሁት

ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ የሄድኩት ጥርስ ለማስተከል ነበር። የፊት ሁለቱ ከወለቁ ወዲህ ገበያ ላይ እንኳ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው የማወራው። ባለቤቴ ከድርም ሐኪሟ ክፍል አብሮኝ ገባ።

ሐኪሟ ራጁን አይታ፣ «እናቴ፣ አዲሱን ጥርስ የሚሸከመው ብሎን አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው፤ አጥንቱ እስኪይዘው ወራት ይፈጃል። ያልተስተካከለ ስኳር ካለ ግን ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ብሎኑም ላይይዝ ይችላል። ስኳር አለብዎት?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነኝ።»

«የሚወስዱት መድኃኒትስ?»

«ምንም።»

ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታነሳ እውነቱን መናገር ፈለግኩ። ግን ከድር አጠገቤ ተቀምጧል። የከድር እናት የሞተችው በስኳር ነው። እግሯ ሲቆረጥ እሱ ምን እንደሆነ አይቻለሁ፤ ያንን ዳግም እንዳያይ ብዬ ነበር የራሴን ስኳር የደበቅኩት።

ከድር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ ስኳር አለባት» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «አራት ዓመት ሆኗታል። ክኒኑን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ነው የምትደብቀው። መዋጧን ለማወቅ ጠዋት ጠዋት እቆጥረዋለሁ።»